ወረፋው የት ነበር?

በ1753 የፊላደልፊያ ከተማ ታፔላዎች በሁለት ቋንቋ ይጻፉ ነበር፤ አንዳንድ ቦታማ ጭራሽ በጀርመንኛ ብቻ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የምናውቀው ነገሩ ያንገበገበው አንድ የከተማዋ ነዋሪ ለንደን ላለ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስላማረረ ነው። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ እነዚህ ጀርመኖች ከገዛ ወገናቸው መካከል እንኳ ደንቆሮዎቹ ናቸው፤ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ አይማሩም፤ በዚህ ከቀጠለ በምክር ቤቱ ግማሹ እንደራሴ የሌላውን ግማሽ ንግግር እንዲሰማ አስተርጓሚ ሊቀጠር ነው። ጸሐፊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ በኋላ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባዘጋጀው ጽሑፍ ላይም ከሳክሶኖቹ በቀር ጀርመኖች ጠይሞች ስለሆኑ ከእንግሊዞች ጋር እንደማይመሳሰሉ አስፍሯል። ዛሬ ይህን ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ፍራንክሊን ግን ቀልድ አልያዘም። ለነገሩም ባዳ አልነበረም፦ በ1732 ለእነዚሁ ሰዎች በቋንቋቸው ጋዜጣ አትሞ ሊሸጥላቸው ሞክሮ፣ ገዢ ሲያጣ ዘግቶታል።

ከዚህ ደብዳቤ ላይ «ጀርመን» የሚለውን ቃል እያወጡ «አይሪሽ»፣ «ቻይና»፣ «ጣሊያን»፣ «ሜክሲኮ» ቢተኩበት ቅሬታው ሳይሸራረፍ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ተሻግሮ ዛሬ ላይ ይደርሳል። ይህን ብዙ ሰው ታዝቦታልና አልደግመውም። የሚገርመኝ ከቅሬታው ጎን የማይጠፋው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የቀድሞዎቹ እንዲህ አልነበሩም፤ ወረፋቸውን ጠብቀው፣ በሕግ ነው የገቡት።» በአሜሪካ የምርጫ ሰሞን ንግግር፣ የቴሌቪዥን ክርክርና የቤተሰብ ጨዋታ ሳይቀር ይህን ይደጋግማል። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሰዎች ጠባይ የሚመሰክር ይመስላል። ታሪኩን ከሥር ከሥሩ ሲከተሉት ግን የሚገኘው የሕግ ታሪክ ነው። መጤዎቹ በአብዛኛው ያው ናቸው፤ ድሃ፣ ወጣት፣ ዘመድ ተከትሎ የመጣ። የተለዋወጠው በሩ ነው። በሩ በጠበበ ቁጥርም በሰፊው የገቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ስፋቱን ይረሱና የአያቶቻቸውን ጨዋነት ያስታውሳሉ።

አዲሲቱ አገር በ1790 የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ስታወጣ የጠየቀችው ሁለት ዓመት መቀመጥን፣ መልካም ጠባይንና «ነጻ ነጭ ሰው» መሆንን ነው። ሕጉ ማን ዜጋ ይሁን አለ፤ ማን ይግባ የሚለውን አልነካውም። የፌዴራሉ መንግሥት ለሚገባ ሰው ቪዛ አይሰጥም፣ ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ቁጥር አይወስንም። በ1819 የወጣው ሕግ የመርከብ አዛዦች የተሳፋሪዎቻቸውን ስም ዝርዝር እንዲያስረክቡ አዘዘ፤ ከዚህ የተረፈው የመቁጠርና መርከቦቹን ከመጨናነቅ የማዳን ጉዳይ ነበር። በዚያው ዘመን ሳይወዱ የመጡም አሉ። ወደ 400,000 የሚጠጉ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በምትባለው ምድር ወደቦች ላይ ተራግፈዋል፤ እነሱን ማስገባት ከ1808 ጀምሮ እስኪታገድ ድረስ በደንብ ሕጋዊ ንግድ ነበር። «በሕግ ገባ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ምስክርነት እንደሚሸከም ለመመዘን ይህ አንድ ነገር ይበቃል።

በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ። እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ አብዛኛውም ወደ አሜሪካ። ድሆች፣ በሽተኞችና ካቶሊኮች ነበሩ፤ የፕሮቴስታንቶቹ አገር ሦስቱንም አልወደደችላቸውም። ገና ረሃቡ ሳይመጣ በ1834 ቦስተን አጠገብ አንድ የካቶሊክ መነኮሳይያት ገዳም ተቃጥሎ ነበር፤ በ1844 ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ወረፋ ነበር ከተባለ የመርከብ ትኬት ወረፋ ነው፦ የከፈለ ይሳፈራል፤ ያልከፈለውንም አንዳንዱ የመሬት ጌታ ከመጦር ማሳፈር ረክሶበት ራሱ ከፍሎ ይሸኘዋል። በ1850ዎቹ «ምንም አላውቅም» የሚል ቅጽል የወጣለት ፓርቲ ተነሣ፤ አባላቱ ስለ ማኅበራቸው ሲጠየቁ ምንም አናውቅም ማለት ነበረባቸው። ማሳቹሴትስ ላይ ምክር ቤቱንም የአገረ ገዥውንም መንበር ጠቅልሎ ያዘ። በ1856 የፕሬዚዳንት ምርጫ የፓርቲው እጩ ሚላርድ ፊልሞር ከአምስት መራጮች የአንዱን ያህል ድምፅ አገኘ። ማሳቹሴትስ የራሷ የግዛት ሕግ ስለነበራት ጦም አዳሪ ያለቻቸውን አይሪሾች በመርከብ ትመልስ ነበር፤ በ1855 ከቦስተን ከተባረሩት መካከል እዚያው የተወለደች ሕፃን ያቀፈች እናት ትገኝበታለች። ይህችን ማሳቹሴትስ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከምሥራቁ ዳርቻ ወደ ምዕራቡ ስንሻገር ታሪኩ የባሰ ይጠቁራል። በ1848 ካሊፎርኒያ ላይ ወርቅ ሲገኝ ከደቡብ ቻይና መንደሮች ወንዶች መምጣት ጀመሩ፤ በ1869 የተጠናቀቀውን አህጉር አቋራጭ ባቡር የምዕራቡን ክፍል በአብዛኛው እነሱ ናቸው ቋጥኝ ፈልጠው የዘረጉት። ሐዲዱ አልቆ ሥራ ሲጠፋ «ደሞዛችንን አረከሱ» የሚለው ጩኸት ወደ ዋሽንግተን ደረሰና በ1882 አንድን ሕዝብ በስሙ ጠርቶ ሠራተኞቹ እንዳይገቡ የዘጋው የመጀመሪያው ሕግ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋዮሚንግ፣ ሮክ ስፕሪንግስ ውስጥ 28 ቻይናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች ተገደሉ። በአሜሪካ ምድር «ሕገወጥ ስደተኛ» የሚባለው ፍጡር የተወለደው እዚህ ላይ ነው ቢባል አያሳፍርም። ከአንድ መንደር ሁለት ወንድማማቾች ቢወጡ፣ በ1881 የገባው ሠራተኛ ነው፤ በ1883 የመጣው ሰርጎ ገብ። በሁለቱ መካከል የወንድማማቾቹ ጠባይ አልተለወጠም።

በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው እሳት የከተማዋን የልደት መዝገቦች አመድ አደረገ። ቻይናውያኑ ዕድሉን አልናቁትም፦ «እዚሁ ነው የተወለድኩት» ያለውን ማን ያስተባብለዋል? እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው፤ የዜጋ ልጅ ደግሞ ይገባል። እናም ያልወለዱትን ልጅ በወረቀት የሚያስመዘግቡ አባቶችና «የወረቀት ልጆች» በዙ። መንግሥትም ከ1910 ጀምሮ እስከ 1940 እዚያው ወሽመጥ ውስጥ ባለው ኤንጀል ደሴት ላይ እያስቀመጠ ይመረምራቸው ነበር። ጥያቄዎቹ የዋዛ አልነበሩም፦ ከቤታችሁ ደጃፍ ያለው ደረጃ ስንት ነው? በረድፉ ስንተኛው ቤት ነው? የመንደሩ ጉድጓድ በየት በኩል ነው? የሩዙ ማስቀመጫ የት ይቀመጣል? መልሱ ከአባትየው ቃል ጋር መግጠም አለበት። የወረቀቱ ልጅ መልሱን በደብተር ተጽፎ ይሰጠውና በመርከቡ ላይ ሸምድዶ፣ ሳይደርስ ደብተሩን ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። እውነተኛው ልጅ ግን አላጠናምና የገዛ ቤቱን ደረጃ ቁጥር ስቶ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር።

በሌላው ዳርቻ፣ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ፣ ኤሊስ ደሴት ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ተከፈተ። እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳልፏል፤ በአሜሪካውያን ሐሳብ ውስጥ «ወረፋው» የተባለው ይህ ነውና ጠጋ ብለን እንየው። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ጓዛቸውን እንደተሸከሙ ደረጃ ይወጣሉ። ከላይ ሐኪሞች ቆመው ማን እንደሚያለከልክ፣ ማን እንደሚያነክስ ያያሉ። የተጠረጠረው ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል፤ ለልብ «ኤች»፣ ለእግር «ኤል»፣ ለዓይን «ኢ»። አእምሮው የሚያጠራጥር ከሆነ «ኤክስ»። ቀጥሎ የዓይን ሐኪሙ የጫማ ቁልፍ በሚጎተትበት መንጠቆ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ትራኮማ ይፈልጋል፤ የተገኘበት ይመለሳል። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ፣ በመጨረሻም የመርከቡን መዝገብ ከዘረጋው መርማሪ ፊት ቆሞ ሃያ ዘጠኝ ያህል ጥያቄ መመለስ ነው። (መርማሪዎቹ ስማችንን ቀየሩብን የሚለው የብዙ ቤተሰብ ተረት መሠረት የለውም፤ የሚያነቡት መርከብ ላይ አስቀድሞ የተጻፈውን ስም ነው።) ከጥያቄዎቹ አንዱ ወጥመድ ነበር፦ ሥራ ተይዞልህ ነው የመጣኸው? ትክክለኛው መልስ «አይደለም» ነው። በ1885 የወጣ ሕግ ከውጭ ሠራተኛ አስቀድሞ ተዋውሎ ማስመጣትን ስለሚከለክል፣ «አዎ፣ አሠሪዬ እየጠበቀኝ ነው» ያለው የዋህ ይመለሳል። ዛሬ ለሥራ ቪዛ የሚጠየቀው ከሞላ ጎደል የዚያ ተቃራኒ ነው። ጤነኛው ሰው በጥቂት ሰዓት ጨርሶ ጀልባው ላይ ይወጣል። የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው። አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ የተሳፈሩትማ መርከቡ ላይ በትሕትና ታይተው ያልፋሉ፤ ደረጃውን አይወጡትም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ያቋርጠኛል፦ «ይኸው፣ ሕግ ነበረ፣ ምርመራ ነበረ፣ የሚመለስም ነበረ።» እውነት ነው። ግን ሕጉ የጠየቀውን እንመዝን። ከእስያውያን በቀር ለሌላው ጤናና ጉልበት ይበቃል፤ ከአገር ቤት የሚሞላ ማመልከቻ፣ በኤምባሲ ቃለ መጠይቅ፣ በአገር የተመደበ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። በአንዲት ቀን፣ አፕሪል 17 ቀን 1907፣ 11,747 ሰው በኤሊስ ደሴት ተስተናግዷል። ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ሙያ ለማይጠይቅ ሥራ በዓመት፣ ለመላው ዓለም፣ የሚፈቅደው ቋሚ የመኖሪያ ቪዛ ቢበዛ 10,000 ነው። ያንን ሕግ ማክበር ምንም አያስቸግርም ነበር፤ የማይጣስን ነገር አለመጣስ የጠባይ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ ነገር፦ በጊዜው እነዚህን ሰዎች ጨዋ ያላቸው የለም። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሕዝብ እስር ቤት ሰብሮ 11 ጣሊያኖችን ገደለ። ስደትን እንዲያጠና ምክር ቤቱ ያቋቋመውና ከ1907 እስከ 1911 የሠራው የዲሊንግሃም ኮሚሽን በ41 ጥራዝ ሪፖርቱ ስደተኞችን «ነባር» እና «አዲስ» ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። አዲሶቹ ጣሊያኖች፣ አይሁዶች፣ ስላቮች፤ ለአገሩ የማይዋሐዱ ናቸው ተባሉ። ነባሮቹና ተመራጮቹ እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጀርመኖችና አይሪሾች! ፍራንክሊንን ያንገበገቡትና ማሳቹሴትስ በመርከብ የመለሰቻቸው ሰዎች ልጆች፣ አይሪሾቹማ ስድስት አሥርተ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ከጥፋቱ ዓምድ ወደ ልማቱ ዓምድ ተዛውረው እናገኛቸዋለን፤ አዲሱ መጤ የሚመዘነውም በእነሱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1916 ማዲሰን ግራንት «የታላቁ ዘር ማለፍ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ጥላቻውን የሳይንስ ካባ አለበሰው። በ1917 ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንት ዊልሰንን ተቃውሞ ሽሮ ማንበብ የማይችል አዋቂ እንዳይገባ ወሰነ፤ አብዛኛውን እስያም ዘጋ። በ1924 የመጣው የኮታ ሕግ ብልሃቱ ሒሳቡ ላይ ነበር፦ እያንዳንዱ አገር በ1890 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት ተወላጆቹ ሁለት በመቶውን ያህል ይላክ አለ። የ1920 ቆጠራ እያለ የ1890ው ለምን ተመረጠ ቢሉ፣ ያኔ ጣሊያኖቹና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ገና አልበዙማ። በ1914 ብቻ ከ280,000 በላይ ሰው የላከችው ጣሊያን 3,845 ተመደበላት፤ ጀርመን 51,227። ለማንም አገር ከመቶ በታች አይሰጥም ስለተባለ በሠንጠረዡ ላይ «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)፦ 100» የሚል መስመርም ሰፍሯል። የ1870 ሕግ የአፍሪካ ተወላጅ ዜጋ እንዲሆን ስለፈቀደ ያ መቶ ቢያንስ በወረቀት ላይ ለኢትዮጵያዊ ነበር። ለቻይናም 100 ተሰጥቷታል፤ ቻይናዊ ግን ዜጋ መሆን አይችልምና መቶው ቻይና ውስጥ ለተወለደ ቻይናዊ ላልሆነ ሰው ነው። የሕጉን አእምሮ ለመረዳት ከዚህ መስመር የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የሆነው የጨዋዎቹ አያቶች ተረት ብዙ ጊዜ የሚዘለው ምዕራፍ ነው። በሩ ሲዘጋ አውሮፓውያኑ ወረፋ ይዘው አልተቀመጡም፤ በኩባ፣ በካናዳ፣ በሜክሲኮ በኩል ሾልከው ገቡ፣ የሐሰት ወረቀት ገዙ፣ መርከበኛ ሆነው መጥተው ወደብ ላይ ጠፉ። መንግሥት ምን አደረገ? በማርች 1929 በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ሕጎች ጸደቁ። ማርች 2 የጸደቀው፣ ከጁን 1921 በፊት ገብቶ የመግቢያ መዝገብ የሌለው ሰው ጠባዩ ከተመሰከረለት 20 ዶላር ከፍሎ ወረቀቱን እንዲያስተካክል ፈቀደ፤ የተጠቀሙበት በብዛት አውሮፓውያንና ካናዳውያን ናቸው። ማርች 4 የጸደቀው ደግሞ ሳይመረመሩ ድንበር ማለፍን ወንጀል አደረገ፤ የታሰበው ለሜክሲኮው ድንበር ነበር። ተከትሎ በመጣው የኢኮኖሚ ድቀት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሜክሲኳውያን ተገድደውና ተገፋፍተው ወደ ሜክሲኮ ተጫኑ፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። አንዱ ጥፋት ለአንዱ 20 ዶላር፣ ለሌላው እስር ቤት ሆነ። የመጀመሪያው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ «አያቴ በሕግ ነው የገባው» ሲል አይዋሽም፤ ሕጉ ወደ አያቱ ሄዶ እንደነበር ግን አልነገሩትም።

በ1939 ከሐምቡርግ የተነሣችው ሴንት ሉዊስ የተባለች መርከብ 937 መንገደኞቿን ይዛ፣ አብዛኞቹ የናዚን ግፍ የሸሹ አይሁዶች፣ ሃቫና ላይ ጥቂቶች ብቻ እንዲወርዱ ተፈቅዶ ወደ ፍሎሪዳ ተጠጋች። የጀርመን ኮታ ሞልቶ ነበርና አሜሪካ አላስወረደቻቸውም፤ ወደ አውሮፓ ከተመለሱት 254ቱ በጭፍጨፋው አለቁ። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ወረፋ ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ቪዛ አመልክተው ተራቸውን የሚጠብቁ ነበሩ።

አሜሪካ የስደተኞች አገር ናት የሚለው ወርቃማ ትረካ የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ጊዜውም የአጋጣሚ አይመስለኝም። የነጻነት ሐውልት በ1886 ሲመረቅ የስደተኞች ሐውልት አልነበረም፤ ስደተኞችን የሚጠራው የኤማ ላዛረስ ግጥም የተቀረጸበት ሰሌዳ እንኳ ውስጡ የገባው በ1903 ነው። የታሪክ ምሁሩ ኦስካር ሃንድሊን ስደተኞችን የአሜሪካ ታሪክ አውራ ገጸ ባሕርይ ያደረገበትን መጽሐፍ በ1951 አወጣ። ከረሃቡ ያመለጡ አይሪሾች ዘር የሆነው ጆን ኬኔዲ «የስደተኞች አገር» የሚለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1958 ነው። ውጭ አገር የተወለደው ሕዝብ በ1890 ከመቶ 14.8 ነበረ፤ በ1970 ወደ 4.7 ወረደ። ስደተኛው ሲጠፋ ስደተኛነት ተወደደ ማለት ነው። ይህ ትረካ ከቅሬታው ይሻላል፤ ግን የራሱ ዕውርነት አለው። በሰንሰለት የመጡትን፣ ቀድሞ እዚያው የነበሩትን ነባር ሕዝቦች፣ በ1848 የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት ሲያልቅ ካሉበት ሳይነቃነቁ ድንበሩ ራሱ የተሻገራቸውን ሜክሲኳውያን «ስደተኛ» ብሎ ማካተት አይቻልም። ከዚያም በላይ «ሁላችንም ስደተኞች ነን» የሚለው ፍቅር ለቅሬታው ሰዎች ስንቅ ሆነ፦ አያቶቻችንን ባመሰገንን ቁጥር የዛሬዎቹ የሚለኩበት ዘንግ ከፍ ይላል። በ2018 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ «የስደተኞች አገር» የሚለውን ሐረግ ከተልእኮ መግለጫው ሲሰርዝ ብዙዎች አዘኑ፤ ሐረጉ በሰፊው ከተለመደ ግን ገና ስልሳ ዓመት ገደማው ነበር።

የኮታው ሥርዓት በ1965 ተሻረ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን በነጻነት ሐውልት ሥር ሲፈርሙ አብዮት አይደለም ብለው ነበር፤ ተሳስተዋል። ለእስያና ለአፍሪካ የከፈተው ያው ሕግ ለሜክሲኮ ዘጋ። እስከዚያ ለምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የቁጥር ገደብ አልነበረም፤ ከ1942 እስከ 1964 ደግሞ ሜክሲኳውያን ገበሬዎች በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት እየተዋዋሉ ለእርሻ ሥራ ይመላለሱ ነበር፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ውል ተፈርሟል። ስምምነቱ በ1964 አበቃ፤ ቀጥሎ ለንፍቀ ክበቡ ጣሪያ ተቀመጠ፤ በ1976 ለእያንዳንዱ አገር 20,000 ተወሰነ። ቲማቲሙን የሚለቅመው ሰው፣ እርሻውና አሠሪው ባሉበት ናቸው። ወረቀቱ ብቻ ተነሣ። ከዚያ ጀምሮ «ሕገወጦች በዙ» የሚል ዜና መሰማቱ አያስደንቅም።

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ማንኛውም መንግሥት ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት አለው የሚለው ነው። አለው፤ ይህ ጽሑፍ በሩ ወለል ይበል የሚል ክርክር የለውም። የምቃወመው መብቱን በታሪክ ተረት ማስደገፍን ነው፦ ዛሬ በሩን ማጥበብ የሚሻ ሰው ስለ ዛሬ ደሞዝ፣ ቤት ኪራይና ትምህርት ቤት ይከራከር እንጂ አያቱን ምስክር አይጥራ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ጣሊያኖችና አይሁዶች አሜሪካዊ የሆኑት በ1924 በሩ ተዘግቶ ለአርባ ዓመት ፋታ ስለተገኘ ነው ይላል። ፋታው ምንም አልረዳም ብዬ አልምልም። ግን በዚያው አርባ ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያኑንም የአይሪሹንም ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝቷል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ተጠናክረዋል፤ ከጦርነት የተመለሰው ወታደር በመንግሥት ገንዘብ ኮሌጅ ገብቷል፣ ቤት ገዝቷል። ከሁሉ በላይ ክርክሩን የሚያፈርሰው የጀርመኖቹና የአይሪሾቹ ነገር ነው፦ የእነሱ ጅረት ለአሥርተ ዓመታት ሳይቋረጥ ሲፈስ ኖሮ፣ ፋታ የሚባል ሳያገኙ ነው በዲሊንግሃም መዝገብ «ነባር» የሆኑት።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ በብዛት የገቡት ከ1974 አብዮትና ከቀይ ሽብር በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በሱዳን መጠለያዎች ለነበሩት በር ከፈተ። ብዙው ሰው የሚያውቀው መንገድ ግን ዲቪ ነው፤ የዲቪ አመጣጥ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ቦስተንን ይመለከታል። በ1980ዎቹ አየርላንድ ሥራ ስታጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶቿ በጎብኚ ቪዛ ገብተው ቦስተንና ኒው ዮርክ ቀሩ፤ ያለ ወረቀት መጠጥ ቤት ቀዱ፣ ሕንፃ ላይ ሠሩ። የ1965ቱ ሕግ የቅርብ ቤተሰብ ላለው ስለሚያደላና የእነሱ ዘመዶች ከመጡ ብዙ ትውልድ ስላለፈ መስመር አልነበራቸውም። ማሳቹሴትስ፣ ያቺ በ1855 አይሪሾችን በመርከብ የመለሰችው፣ አሁን የአይሪሽ ልጆችን ወደ ዋሽንግተን የምትልክ ግዛት ሆናለች። እንደራሴዋ ብራያን ዶኔሊ በ1986 ሕግ ውስጥ በፖስታ የሚሞላ የቪዛ ዕድል አስገቡ። በ1990 ሕግ ደግሞ የኮኔቲከቱ ብሩስ ሞሪሰን ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ እንዲሰጥ፣ ከዚያም 40 በመቶው ለአየርላንድ እንዲያዝ አደረጉ። ከ1995 ጀምሮ ቋሚ ሆኖ የቀጠለው የዚህ ልጅ ዲቪ ይባላል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ዕድለኛ ከሚወጣባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ያለ ወረቀት ለቀሩ አይሪሾች የተቀደደ ቀዳዳ ነው እንግዲህ አምስት ኪሎና መርካቶ ኢንተርኔት ቤት ፎቶ እየተነሣ ሲሞላ የኖረው። ከዋሽንግተን ዙሪያ እስከ ሚኒሶታ ባለው ማኅበራችን ውስጥም «በዲቪ የመጣ»፣ «አሳይለም የጠየቀ»፣ «በሜክሲኮ የገባ» እየተባለ ሰው ሲመደብ፣ ያ የድሮው ዓረፍተ ነገር አማርኛ ለምዶ ይሰማል፦ «እኛ እንኳ በሕግ ነው የገባነው።»

ወረፋው ዛሬ አለ፤ እንደየሰው ግን ይለያያል። አሜሪካዊ ወንድም ያለው ፊሊፒናዊ ወይም ሜክሲኳዊ ሃያ ዓመት ያህልና ከዚያ በላይ ይጠብቃል፤ ዘመድም ዲግሪም የሌለው አብዛኛው ሰው የሚቆምበት ሰልፍ የለም። በሰልፉ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። በ2020 ዲቪ የደረሳቸው ሰዎች ሁሉን አሟልተው ነበር፦ የትምህርት ማስረጃው ተተርጉሟል፣ የፖሊስ ክሊራንስ ወጥቷል፣ የሕክምናው ተከፍሏል፤ አንዳንዱም ሥራውን ለቋል። በማርች ኤምባሲዎች በኮቪድ ምክንያት ቪዛ መስጠት አቆሙ፤ በአፕሪል 22 የፕሬዚዳንቱ አዋጅ ዲቪን ጨምሮ አዳዲስ የመኖሪያ ቪዛዎችን አገደ። ጥቂቶች ፍርድ ቤት ሄደው ተረፉ። የዲቪ ዕጣ ግን ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። በማግስቱ ጠዋት ያው ሰው፣ ያው ፓስፖርት፣ ያው ወፍራም ፖስታ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ አይሠራም።